ወጣት ነኝ፣ ገንዘቤንም እጠነቀቃለሁ፤ ትልቁን የአደን ጉዞ የቱን ልምረጥ?

አውሮራ26 · ጥር 18

ሰላም ለሁላችሁ። 26 ዓመቴ ነው። የምኖረው ኮሎራዶ፣ አውሮራ ነው። በግሪን ካርድ ከመጣሁ 5 ዓመት ሆነኝ። ቀን መጋዘን እሠራለሁ፣ ቅዳሜና እሁድ ደግሞ እቃ አደርሳለሁ።

አያቴ በጋሞ ጎፋ በኩል ጎሽ አዳኝ ነበሩ። ቤታችን ግድግዳ ላይ ቀንዱ ተሰቅሎ ነበር፣ ልጅ ሆኜ ወንበር ላይ ቆሜ እየዳሰስኩት ነው ያደግኩት። እዚህ ከመጣሁ በኋላ የአደን ትምህርቱን ወስጄ ካርዱን ያዝኩ። ባለፉት ሁለት ዓመታት ከአንድ የሥራ ባልደረባዬ ጋር ጥንቸልና ዳክዬ አድኛለሁ። ከዚያ አላለፍኩም።

አሁን እቁብ ወጣልኝ። 20 ሰዎች ነን፣ በወር 500 ዶላር እንጥላለን፣ ስለዚህ 10 ሺህ ዶላር እጄ ገባ። ሌላ እዳ የለብኝም። ለእናቴ በወር 400 እልካለሁ፣ እሱ አይነካም። ገና አላገባሁም፣ ጉልበቴም ደህና ነው። አንድ ትልቅ ጉዞ አሁን ካልሄድኩ መቼ እሄዳለሁ የሚል ሐሳብ እንቅልፍ ነስቶኛል።

ሦስት ነገር አስቤያለሁ። አንደኛው አላስካ ሄዶ ካሪቡ የሚባለውን የሰሜን አገር አጋዘን ማደን ነው። ሁለተኛው ደቡብ አፍሪካ፣ ኩዱና ኢምፓላ የሚባሉ አጋዘን መሰል እንስሳት። ሦስተኛው እዚሁ ኮሎራዶ ኤልክ የሚባለው ትልቁ አጋዘን ነው፣ እሱ ግን ደጃፌ ስለሆነ እንደ ትልቅ ጉዞ አልቆጥረውም። የሞከራችሁ ምከሩኝ።


ኮዲያክ · ጥር 18

አላስካ ሂድ። አታመንታ።

እኔ እዚያው አላስካ፣ ኮዲያክ ላይ ዓሣ ፋብሪካ አራት ክረምት ሠርቻለሁ፤ አንድ ዓመት ከሁለት ጓደኞቼ ጋር ካሪቡ ወጥተናል። ትንሽ አውሮፕላን ወስዶ ሐይቅ ዳር ጥሎህ ይመለሳል። ከዚያ በኋላ ሰው የለም፣ መንገድ የለም፣ ስልክ የለም። በበረርክበት ቀን መተኮስ ክልክል ነው፣ እስከ ማግስቱ ሌሊት 9 ሰዓት መታገስ አለብህ። እኛ ያን ሌሊት ድንኳን ውስጥ ሆነን ኮቴአቸውን ስንሰማ አደርን።

ወጪውን ልንገርህ። የሌላ ስቴት ሰው ለፈቃዱ 160 ዶላር፣ ለካሪቡ ታግ፣ ማለትም አንድ እንስሳ ለማደን ለሚሰጠው ወረቀት፣ 650 ዶላር ይከፍላል። ለካሪቡ የአደን መሪ (ጋይድ) መቅጠር ግዴታ አይደለም። ግዴታ የሚሆነው ለግሪዝሊ ድብ፣ ለዳል በግና ለተራራ ፍየል ነው፣ እነሱን እርሳቸው። ገንዘቡን የሚበላው አውሮፕላኑ ነው። እኔ ከመደበኛው በረራ ጋር ሁሉንም ደምሬ ወደ 5 ሺህ 500 አወጣሁ።

ለምን አሁን እንደምልህም ስማኝ። በሰሜን ምዕራብ ያለው ትልቁ መንጋ በ2003 ወደ 490 ሺህ ይደርስ ነበር። በ2023 ሲቆጠር 152 ሺህ ገደማ ሆነ። ሙልቻትና የሚባለው መንጋማ ከመመናመኑ የተነሳ አደኑ ተዘግቷል። 40 ዓመት እስኪሞላህ ብትጠብቅ አንተ ዝግጁ ትሆናለህ፣ ካሪቡው ግን ላይጠብቅህ ይችላል።


ጄፔ · ጥር 19

ከጆሃንስበርግ ነው የምጽፍልህ። እኔ ሱቅ ነው ያለኝ፣ አዳኝ አይደለሁም። ግን ሁለት ዓመት ሊምፖፖ ውስጥ ላለ የአደን እርሻ እቃ አቀርብ ስለነበር ነገሩን በቅርብ አይቻለሁ።

የሰባት ቀን ፓኬጅ ርካሽ መስሎ ይታያል። መኝታውና ምግቡ ደህና ነው፣ ሰዎቹም ሥራቸውን ያውቃሉ። ግን ዋጋውን ስታይ ያልተጻፈውን ፈልግ። የአውሮፕላን ትኬት የለበትም። ጉርሻ የለበትም። አቁስለህ ያመለጠህ እንስሳ እንደገደልከው ተቆጥሮ ትከፍላለህ። ቀንዱንና ቆዳውን አሰርተህ ወደ አሜሪካ ለማስጫን የሚወጣው ወጪ ደግሞ ብቻውን የአደኑን ግማሽ ሊያህል ይችላል፣ እንግዶቹ ሲያማርሩ ጆሮዬ ሰምቷል። ሥጋውን ይዘህ አትሄድም። እዚያው ይበላል፣ እዚያው ይሸጣል።

ሌላም ነገር አለ። ግሪን ካርድ ብቻ ከሆነ በኢትዮጵያ ፓስፖርት ነው የምትመጣው፣ ቪዛ ያስፈልግሃል። ጠመንጃህን ይዘህ ልግባ ካልክ የፖሊስ ወረቀቱም አለ። እንዳትመጣ ማለቴ አይደለም፣ አገሩ ውብ ነው። ከርከሮ ጨምረንልሃል ሲሉህ ግን አስብበት። የማትበላውን ነገር ለምን ትገድላለህ?


የልጆች እናት · ጥር 19

ልጄ፣ እኔ ስለ አደን አላውቅም። እቁብ ግን ዴንቨር ውስጥ ስሰበስብ 11 ዓመቴ ነው። ስንተኛ ላይ ነው የወጣልህ?


አውሮራ26 · ጥር 19

ስድስተኛ ላይ ነው እትዬ።


የልጆች እናት · ጥር 19

እንግዲያው አስበው። ስድስት ጊዜ ጥለሃል፣ ያ 3 ሺህ ዶላር ነው። የቀረው 7 ሺህ የሰው ገንዘብ ነው። ገና 14 ወር ትጥላለህ። እዳ የለብኝም ብለህ ጽፈሃል፣ አለብህ እንጂ። ወለድ ስለሌለው ነው እዳ የማይመስለው።

እኔ ያየሁትን ልንገርህ። አንድ ልጅ ሦስተኛ ላይ ወጣለት፣ መኪና ገዛበት፣ በአራተኛው ወር ከሥራ ቀነሱት። ሰው ፊት መቅረብ አቃተው። ቤተ ክርስቲያን እንኳ መምጣት ተወ። ዋሱ የአክስቱ ልጅ ነበር፣ እሱ ከፈለለት፣ እስከዛሬ አይነጋገሩም።

ሂድ፣ ዓለምን እይ፣ ወጣትነት ተመልሶ አይመጣም። ግን ያን 7 ሺህ ለብቻው አስቀምጠው። ከ3 ሺው የምትችለውን አድርግ።


አውሮራ26 · ጥር 20

እትዬ፣ ይህን ካነበብኩ በኋላ ሌሊቱን ሙሉ ሳስበው ነው ያደርኩት። እውነት ነው። 10 ሺህ ሲገባ ሁሉም የእኔ መሰለኝ። ዛሬ ጠዋት 7 ሺውን ወደ ሌላ ሂሳብ አዛወርኩት። አመሰግናለሁ።

ስለዚህ 3 ሺህ አለኝ ማለት ነው። በዚህ አላስካም ደቡብ አፍሪካም አይታሰብም መሰለኝ።


የድሮ አዳኝ · ጥር 20

ኮሎራዶ ስኖር 24 ዓመቴ ነው፣ ኤልክ ማደን ከጀመርኩ 17። እስካሁን ዝም ብዬ ሳነብ ነበር፣ አሁን ግን አንድ ነገር ልበል።

ደጃፌ ነው፣ እንደ ትልቅ ጉዞ አልቆጥረውም ያልከው አሳዘነኝ። ከኮሎራዶ የሚበልጥ ኤልክ ያለው ስቴት የለም፣ ከ280 ሺህ በላይ ነው። ከቴክሳስና ከፍሎሪዳ ሰው ሁለት ቀን ነድቶ ይመጣል፣ ለኮርማው ታግ ከ800 ዶላር በላይ ይከፍላል። አንተ ነዋሪ ስለሆንክ ወደ 70 ዶላር ገደማ ነው የምትከፍለው። መሬቱ የመንግሥት ደን ነው፣ ለመግባት ማንንም አታስፈቅድም። አንተ በነጻ የቆምክበትን ቦታ ሌላው ሰው ዓመት ሙሉ ቆጥቦ ነው የሚደርስበት።

ደግሞ ቀላል እንዳይመስልህ። ኤልክ የሚታደንበት ፍላት ቶፕስ የሚባለው ደጋ ከ3 ሺህ ሜትር በላይ ነው። ኤልኩ ከመንገድ ይርቃል፣ አንተም አብረኸው መራቅ አለብህ። ሴቷ ብቻ ከ200 ኪሎ በላይ ትመዝናለች፣ አጥንቱ ወጥቶ ከ60 እስከ 80 ኪሎ ንጹህ ሥጋ ይገኝባታል፣ ያንን በጀርባህ ተሸክመህ ነው የምትወጣው። እኔ አሁን 58 ዓመቴ ነው፣ ጉልበቴ በየዓመቱ ይነግረኛል። ገንዘብ ያለው ሽማግሌ ፈረስና ጋይድ ይከራያል። ገንዘብ የሌለው ወጣት እግር አለው። የአንተ ሀብት እሱ ነው፣ በእሱ ክፈል።

ወጪውን ልቁጠርልህ። ያገለገለ 30-06 ጠመንጃ ከነመነጽሩ 450 ዶላር። ጫማ ላይ አትቆጥብ፣ 230። ሥጋ የሚሸከም ቦርሳ 250፣ ይህንንም ያገለገለ ፈልግ። ለቅዝቃዜ የሚሆን መኝታ 150። ጥይት፣ የሥጋ ከረጢት፣ ብርቱካናማ ሰደርያና ኮፍያ ተደምሮ 150 ገደማ። ታግና ቤንዚን 200። 1 ሺህ 500 አይሞላም። ከዚህ አብዛኛው እቃ ደግሞ አላስካ ስትሄድም ያገለግልሃል።

አንድ ምክር ልጨምር። በኤፕሪል የመጀመሪያው ማክሰኞ ሳያልፍ ለሴት ኤልክ ታግ እጣ ግባ። ለጀማሪ እድሉ ይሻላል።


አውሮራ26 · ጥር 20

ጋሼ፣ በጣም አመሰግናለሁ። ይቅርታ ይደረግልኝና ሴት መግደል ግን ይከብደኛል። አያቴ ሴት አይገደልም ይሉ ነበር።


የድሮ አዳኝ · ጥር 21

እኔም በዚያው ነው ያደግኩት። ጎሽ ገዳይ ሲፎከር ስለ ሴት ጎሽ አይፎከርም። ግን እዚህ ነገሩ ሌላ ነው። ባለሙያዎቹ መንጋውን ይገምታሉ፣ በየክልሉ ስንት ሴት መቀነስ እንዳለባት ይወስናሉ፣ በዚያ ልክ ታግ ያወጣሉ። በ2023 ክረምት ሰሜን ምዕራቡ ላይ ከባድ በረዶ ወርዶ ብዙ ኤልክ ሲያልቅ ወዲያው የታጉን ቁጥር ቀነሱት። ፉከራው ይቅርብህ፣ የምትሄደው ሥጋ ፍለጋ ነው። አያትህም ለቀንዱ ብቻ አልነበረም የሚወጡት፣ ቤተሰብ ይመግቡበት ነበር።


ጎባ · ጥር 21

እኔ የባሌ ልጅ ነኝ። አንድ ቀን አገር ቤት የደጋ አጋዘን አድናለሁ የሚል ሕልም ያለው ሰው እዚህ እንዳለ አውቃለሁ፣ አውሮራም ልቡ ውስጥ ሳይኖር አይቀርም። እሱን ተወው ወንድሜ። በዓለም ላይ ከእኛ ተራሮች ውጭ የለም፣ ቁጥሩም አነስተኛ ነው። የመንግሥት ክፍያው ለብቻው ከ10 ሺህ ዶላር በላይ ነው፣ የአዳኝ ድርጅቱ ወጪ ሲጨመርበት በሚሊየነር ኪስ ነው የሚሆነው። ዲንሾ ሂድና በእግርህ እየሄድክ እየው። በጠዋት ጭጋግ ውስጥ 30 እርምጃ ላይ ቆሞ ያይሃል። እኔ ትምህርት ቤት ስሄድ እያየሁት ነው ያደግኩት፣ እስከዛሬ በሕልሜ ይመጣል።


ኮዲያክ · ጥር 21

እኔ ሐሳቤን አልቀየርኩም፣ አላስካ መቅረት የለበትም። ግን እቁቡን አላሰብኩትም ነበር፣ «የልጆች እናት» እዚያ ላይ ልክ ናቸው። ኤልኩን ዘንድሮ አድርገው፣ እቁቡ ሲያልቅ ያንኑ 500 በየወሩ ለአላስካ ማስቀመጥ ቀጥል። መጣል ለምደኸዋል፣ ኪስህ አይደነግጥም። በዓመት 6 ሺህ ይሆናል፣ እኔ ካወጣሁት ይበልጣል።


ጄፔ · ጥር 22

አንድ ጥያቄ አለኝ። በጥይት የወደቀ እንስሳ ይበላል እንዴ? በክት አይሆንም?


የድሮ አዳኝ · ጥር 22

ኤልክ የሚያመሰኳና ሰኮናው የተሰነጠቀ ነው። ኦሪት ዘዳግም 14 ላይ ዋላና ሚዳቋ ከሚበሉት ተቆጥረዋል፣ ይህም ከነሱ ወገን ነው። ባርኮ ማረዱን በተመለከተ እኔ እንደ አባቶቻችን ነው የማደርገው። ሲወድቅ እሮጣለሁ፣ ነፍሱ ሳትወጣ በስመ አብ ብዬ አንገቱ ላይ ቢላዋ አሳርፋለሁ። ሁሌ አይደረስም። ስለዚህ እያንዳንዱ ሰው የነፍስ አባቱን ይጠይቅ፣ እኔ ካህን አይደለሁም።


አውሮራ26 · ግንቦት 29

ወሬ አለኝ። የሴት ኤልክ ታግ እጣው ደረሰኝ! ሦስተኛው የጠመንጃ ወቅት፣ ኖቬምበር። ጠመንጃውን በ420 ገዛሁ። ጋሼ፣ ተኩስ ማሠልጠኛ ቦታ ድረስ መጥተው ስላሳዩኝ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እንዳሉኝ በየሳምንቱ ቦርሳው ውስጥ 20 ኪሎ ጤፍ ጨምሬ ዳገት እወጣለሁ።


የድሮ አዳኝ · ግንቦት 30

ጎበዝ። 200 ሜትር ላይ ተኝተህ አምስት ጥይት በአንድ ሳህን ውስጥ እስክታስገባ ድረስ አታቁም። ከዚያ በላይ ርቀት አትመኝ። አቁስሎ መልቀቅ ትልቅ በደል ነው።


አውሮራ26 · ኅዳር 9

ረጅም ነው፣ ታገሱኝ።

ከሚከር ከተማ ወጥተን ጨለማ ሳለ መኪናውን አቁመን በእግር ገባን። ጋሼ የራሳቸው ታግ አልነበራቸውም፣ ለእኔ ብለው ነው የመጡት። ስንቄ በሶ፣ ዳቦ ቆሎና ቆሎ ነበር። አንድ ኪሎ በሶ ለሦስት ቀን በቃኝ፣ ረቡዕም የጾም ጭንቀት አልነበረብኝም። በአሜሪካ ሱቅ የሚሸጠውን የታሸገ የተራራ ምግብ አንዱን በ14 ዶላር አይቼ ነበር፣ እግዜር ይስጠው በሶ።

የመጀመሪያው ጠዋት ትልቅ ኮርማ 80 ሜትር ላይ ወጣ። ቀንዱ እንደ ደረቀ ዋርካ ነው። ታጌ የሴት ነው። ጠመንጃውን ጭኔ ላይ አድርጌ ዝም ብዬ አየሁት። አፍንጫው ላይ በረዶ ጋግሯል፣ ሲተነፍስ ጭሱ በጸሐዩ ብርሃን ይታያል። ጋሼ በጆሮዬ፣ «ይህን ለማየት ሰው ስንት ይከፍላል» አሉኝ።

ሁለተኛውና ሦስተኛው ቀን ምንም የለም። ዱካ አለ፣ ፋንድያው ትኩስ ነው፣ እንስሳው የለም። እግሬ ውሃ ቋጠረ። በሦስተኛው ማታ ድንኳን ውስጥ፣ ያን ሁሉ ገንዘብ አላስካ ላይ ባደርገው ይሻል ነበር እያልኩ ነበር፣ አልዋሽም።

አራተኛው ቀን ከጠዋቱ 1 ሰዓት ላይ ገላጣው ጫፍ ስድስት ሴቶች ወጡ። 170 ሜትር። ቦርሳዬን አስቀምጬ ጠመንጃውን አጋደምኩበት። ልቤ ጆሮዬ ውስጥ ይመታል። አንዷ ጎኗን እስክትሰጠኝ ጠበቅኩ፣ አንድ ደቂቃ ይሁን አምስት አላውቅም። ቃታውን ሳብኩ። ወደፊት ሁለት እርምጃ ሄዳ ተንበረከከች።

ሮጥኩ። ቢላዋውን አወጣሁ። በስመ አብ ስል ድምፄ ተቆራረጠ። ዓይኗ ገና ብሩህ ነበር፣ ሽፋሽፍቷ ላይ ትንንሽ የበረዶ ጠብታ አለ። ደረስኩ። ከዚያ እዚያው በረዶው ላይ ተቀመጥኩና አለቀስኩ። ጋሼ ምንም አላሉኝም፣ ጀርባዬን ይዘው ዝም አሉ።

ከዚያ ሥራው ጀመረ። ጋሼ ብልት ሲያወጡ ሥጋ ቤት የቆምኩ ነው የመሰለኝ፣ ታፋ፣ ሽንጥ፣ ጎድን፣ እያንዳንዱን በስሙ እየጠሩ ለየብቻ ከረጢት ውስጥ። እስከ መኪናው 4 ኪሎ ሜትር ነው። እሳቸው አንዴ ተሸከሙ፣ እኔ አራት ጊዜ ተመላለስኩ። የመጨረሻው በሌሊት ነበር፣ በራስ መብራት፣ ትከሻዬ ተልጦ። ያን ጊዜ ነው ጋሼ በእግርህ ክፈል ያሉኝ የገባኝ።

ጠቅላላ ያወጣሁት 1 ሺህ 380 ዶላር ነው። ፍሪዘሩ ውስጥ 68 ኪሎ አለ። የቀኝ ታፋውን ለጋሼ ሰጠሁ። ጭንቅላቷን ለበሽታ ምርመራ አስገብቻለሁ፣ የአጋዘን ዘርን የሚጨርስ በሽታ ስላለ ውጤቱ ሳይመጣ አንቀምሰውም። ለእናቴም እንደተለመደው 400 ላክሁ፣ ፎቶውንም አብሬ። አያትህን መሰልክ አለችኝ።


ኮዲያክ · ኅዳር 9

አነበብኩና ተነስቼ ቆምኩ። እንኳን ደስ ያለህ! አላስካ ስትሄድ ንገረኝ፣ አብሬህ እሄዳለሁ።


ጎባ · ኅዳር 10

ክትፎ እንዳታደርገው ብቻ። የዱር ሥጋ ጥሬውን አይበላም፣ በደንብ ይብሰል።


የልጆች እናት · ኅዳር 10

እሰይ ልጄ። እቁብህንም በዚህ ወር በጊዜው እንደጣልክ ሰብሳቢያችሁ ነግራኛለች፣ እንተዋወቃለን። ያ ሥጋ ጮማ የለውም አይደል? እንዲህ ያለው ለቋንጣ ነው የሚሆነው። በቀጭኑ ይዘልዘል፣ ጨውና በርበሬ ይታሽ፣ ጋራዥ ውስጥ ይሰቀል። ኅዳር 15 ጾም ይገባል፣ ለገና ይደርሳል። መዘልዘል ካላወቅክ ቤት ና፣ አሳይሃለሁ።


አውሮራ26 · ኅዳር 13

እትዬ፣ ውጤቱ ዛሬ ጠዋት መጣ። ንጹህ ነው። ነገ ቅበላ ስለሆነ ከቅዳሴ በኋላ ሽንጡን ለጥብስ፣ የቀረውን ታፋ ለቋንጣ ይዤ እመጣለሁ። ጋሼንም እኔ በመኪና አመጣቸዋለሁ፣ ቢላዋውን እሳቸው ይሞርዱታል።